በሥራ ቦታ የሚያጓጓ ምግብና መጠጥ፦ የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለባቸው

ቤትዎ ውስጥ አመጋገብዎን አስተካክለው ይሆናል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ቢሮ የሚውል ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሻይና ቦምቦሊኖ ይቀርብለታል፣ ከሰዓት ቡና ይፈላል፣ ልጁ የተመረቀችለት ባልደረባ ደግሞ ኬክና ለስላሳ ይዞ ይገባል። ገጠር ለገጠር የሚዞር የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም መምህር በየደረሰበት ቤት ዳቦና ጠላ ይጠብቀዋል። ይህ ገጽ የስኳር ሕመም ወይም የደም ግፊት እያለብዎት በእንዲህ ያለ ቦታ እንዴት ራስዎን እንደሚጠብቁ ይገልጻል። ክብደት ለመቀነስ ለሚሞክሩም አብዛኛው ይጠቅማል።

ቁርስ የዘለለ ሰው 4 ሰዓት ላይ ይሸነፋል

ብዙዎች ፈተናውን የፈቃድ ጉዳይ ያደርጉትና ሲሸነፉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳዩ የርሃብ ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የወጣ ሰው፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ ፊቱ ሲቀመጥ እጁን መሰብሰብ ይከብደዋል። ስለዚህ ውሳኔው ማለዳ ቤት ውስጥ ቢያልቅ ይሻላል። ጥቂት እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ወይም አንድ እንቁላል ከትንሽ ዳቦ ጋር በቂ ነው።

ለ4 ሰዓት የሚሆን ነገር በቦርሳ ይያዙ። የባቄላ ወይም የሽንብራ ንፍሮ ለዚህ የሚመች ነው፤ ፕሮቲንና አሠር ስላለው ቶሎ አያስርብም። የሽንብራ ቆሎም ጥሩ ነው፤ አንድ እፍኝ ግን አንድ እፍኝ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ የተዘረገፈ ቆሎ ወሬ እየተወራ ሳይታወቅ ያልቃልና። በእሸት ወራት መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ከቦምቦሊኖ ይሻላል። ሆኖም እንደ እንጀራ የሚቆጠር ምግብ ስለሆነ ከበሉት የምሳዎን እንጀራ ይቀንሱ።

ስኳሩ ከሲኒው ሥር ነው

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ እንደሚመረጥ ይመክራል፤ ይህ 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አሁን የቢሮውን ቡና ያስሉት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ ስድስት ሆነ። የቀኑ ድርሻ በቡና ብቻ አለቀ፣ ሻዩ ገና ሳይቆጠር። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ለስላሳ ደግሞ ለብቻው 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል።

ቡናው ራሱ ለአብዛኛው ሰው ችግር አይደለም። ችግሩ ቡና የምታፈላው እህት ብዙ ጊዜ ስኳሩን አስቀድማ ሲኒው ውስጥ አድርጋ ቡናውን ከላይ መቅዳቷ ነው። ከተቀዳ በኋላ «ስኳር አልፈልግም» ቢሉ ጊዜው አልፏል፤ ለመመለስም ያሳፍራል። ስለዚህ ረከቦቱ ሲዘረጋ ቀድመው «እታለም፣ የእኔን ያለ ስኳር» ይበሉ። ሁለት ሦስት ቀን ከነገሯት በኋላ ራሷ ታስታውሳለች። በአንዴ መተው ከከበደዎት ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ግማሽ ይውረዱ፤ ምላስ ይለምዳል።

በስኳር ፋንታ ማር መጠቀም አያድንም። የጎጃም ማር ቢጣፍጥም፣ ንጹሕ ቢሆንም፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ጭማቂ ቤትም እንዲሁ ነው፦ አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ብርጭቆው ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ግን አይደለም። «ያለ ስኳር» ብለው ይዘዙ፤ ፍሬውን እንዳለ ቢበሉ ደግሞ የበለጠ ነው። ደም ግፊት ያለብዎት ከሆነ ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ጨውም እንዲቀርልዎት ይጠይቁ። የቡሬ በርበሬ በማቃጠሉ ግፊት አያስነሳም፤ አዋዜውና ድቁሱ ውስጥ የገባው ጨው ነው የሚቆጠረው። በቀን የሚመከረው ጨው በአጠቃላይ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው።

እምቢ ለማለት

በእኛ አገር የቀረበን ምግብ መመለስ ሰውን መመለስ ይመስላል። «አልፈልግም» ያስከፋል፣ «ጠግቤያለሁ» የሚያምነው የለም፣ «ዛሬ ይቅርብኝ» ደግሞ «በሞቴ!» ያስከትላል። ከሁሉም የሚሠራው «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ነው። እውነትም ስለሆነ አያፍሩበት። ሕመምዎን መናገር ካልፈለጉ የሕመሙን ስም መጥራት ግዴታ የለብዎትም። ቀጥለውም አመስግነው ሌላ ነገር ይጠይቁ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ውኃ ብቻ ስጡኝ»። ጋባዡ የሚያዝነው እጅዎ ባዶ ሲሆን ነው፤ አንድ ነገር ከያዙለት ልቡ ያርፋል።

ጉርሻ ቢመጣብዎት ይጉረሱ። አንዲት ጉርሻ የወራት ጥረትን አታበላሽም፤ ትሪው አጠገብ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ግን ያበላሻል። ባልደረቦችዎ የሻይ መዋጮ ካላቸው ስኳሩ ለየብቻ እንዲቀርብ፣ ከቦምቦሊኖው ጎን ሙዝ ወይም ቆሎ እንዲገዛ ሐሳብ ያቅርቡ። ስኳር ወይም ግፊት እያለበት ዝም ያለ ሌላ ሰው በዚያው ቢሮ ሊኖር ይችላል።

ገጠር ሲወጡና ደቦ ላይ

ለጠላ ያለው ልማድ ይታወቃል፦ የጎደለ ዋንጫ ይሞላል። ስለዚህ በትንሹ እየቀመሱ ዋንጫውን ሳያጎድሉ ይቆዩ። በቀን አምስት ቤት የሚገቡ ከሆነ ከየቤቱ ቁራሽ ዳቦ ሲደመር ከምሳ ይበልጣልና፣ የትኛው ቤት እንደሚበሉ ከመውጣትዎ በፊት ይወስኑ።

አረቄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚውጡ ከሆነ በባዶ ሆድ አረቄ መጠጣት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የአልኮል መጠጥ ጉበት ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ያግዳል፤ መድኃኒቱም በበኩሉ ስኳሩን ያወርዳል። የከፋው ደግሞ ስኳሩ የወረደበት ሰው ሲንገዳገድና ሲለፈልፍ የሰከረ መምሰሉ ነው፤ አፉም አረቄ ስለሚሸት «ተዉት፣ ይተኛ» ይባላል።

መከልከል የሌለበት ሰዓት

ላብ ካጠመቀዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብዎ በፍጥነት ከመታ፣ ድንገት ከራብዎት ወይም ግራ ከተጋቡ የደም ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መለኪያ ካለዎት ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ያሳያል፤ ከሌለዎት ለመለካት ብለው አይዘግዩ። ያን ጊዜ ሌላ ቀን የሚሸሹትን ስኳር ይውሰዱ፦ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙ፤ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ይህን ቢያንስ አንድ የሥራ ባልደረባዎ ይወቅ።

በጾም ወራት እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል ስላለበት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የንስሐ አባትዎንም ያነጋግሩ። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል እንዳይመስልዎት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው።

ተሸንፈው ከበሉ

ኬኩን ከበሉት ተበልቷል። ለመካካሻ ብለው እራት አይዝለሉ፣ መድኃኒትም በራስዎ አይጨምሩ። ከተመገቡ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳርን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል፤ ከቢሮ ወደ ቤት በባጃጅ ከመሄድ በእግር መሄድ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ቤተሰብ ማታ «ዛሬስ ምን በላህ?» ብሎ ከመመርመር ጠዋት ምሳ ዕቃውን ቢሞላ የተሻለ ያግዛል። የሚመረመር ሰው መደበቅ ይጀምራል፤ የደበቀውን ደግሞ ለሐኪሙም አይነግርም። በፍኖተ ሰላም ሆስፒታልም ሆነ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ክትትል ካለዎት፣ ከቀጠሮዎ በፊት ባለው ሳምንት በሥራ ቦታ የበሉትንና የጠጡትን ከነሰዓቱ በአንዲት ወረቀት ጽፈው ይውሰዱ። ቦምቦሊኖውንም ይጻፉት።