የጦር ሜዳ ትዕይንትና የአካል ብቃት መስፈርት፤ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ

ከ1861 እስከ 1865 በአሜሪካ የተካሄደውን የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያዎች የዘመኑን ልብስ ለብሰው፣ የዘመኑን ጠመንጃ አንግተው በሜዳ ላይ መልሰው የሚያሳዩ ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኞቹ በሙያቸው ተዋንያን ወይም ወታደሮች አይደሉም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በመደበኛ ሥራቸው ላይ ውለው ቅዳሜና እሑድን በድንኳን የሚያሳልፉ፣ ወጪያቸውንም ከኪሳቸው የሚሸፍኑ የታሪክ ወዳጆች ናቸው። ተግባራቸውም «ሕያው ታሪክ» ይባላል። ከእነርሱ መካከል ጠንቃቆቹ ለአልባሳት ያወጡት መስፈርት እጅግ ጥብቅ ነው። የኮቱ ሱፍ እንዴት እንደተነከረና የአዝራር ቀዳዳው በእጅ ይሁን በመኪና እንደተሰፋ ይመረመራል። የእጅ ሰዓት አስሮ ወይም የዘመናችንን መነጽር አድርጎ ወደ ሰልፍ የገባ ሰው እንዲያወልቅ ይነገረዋል። ከኮቱ ሥር ስላለው ልብና ሳንባ የሚጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ተሳታፊው ለሚደርስበት ጉዳት አዘጋጆቹን ተጠያቂ እንደማያደርግ በወረቀት ላይ ይፈርማል፤ በአብዛኛው ምርመራው በዚሁ ያበቃል።

ይህ ለጤና ባለሙያ የሚያስገርም ሊሆን ይችላል። ይሁንና የእውነተኞቹ ወታደሮች ምርመራም ቢሆን በወረቀት ላይ የሰፈረውን ያህል አልነበረም። ቻርልስ ትሪፕለር የተባሉት የጦር ሐኪም በ1858 ስለ ምልምሎች ምርመራ ለሕክምና መኮንኖች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ደንቡ ምልምሉ ልብሱን አውልቆ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲታይ ያዝዝ ነበር። ጦርነቱ በ1861 በፈነዳ ጊዜ ግን የበጎ ፈቃደኞች ጎርፍ ደንቡን ጠርጎ ወሰደው። የአሜሪካ የጤና አጠባበቅ ኮሚሽን በዚያው ዓመት የጦር ሰፈሮችን ሲፈትሽ፣ ካያቸው ክፍለ ጦሮች ከግማሽ በሚበልጡት ዘንድ ለይስሙላ እንኳን የተሟላ ምርመራ እንዳልተደረገ ተገነዘበ። ቡአ ያለባቸው፣ ሳንባቸው የታመመ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆችም ጭምር ወደ ሰልፍ ገቡ። ትሪፕለር ራሳቸው የፖቶማክ ጦር የሕክምና ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ፣ መጽሐፋቸው ያስጠነቀቀውን ችግር በሕመምተኛ መልክ ተረከቡት።

ከማርች 1863 በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። የግዳጅ ምልመላ ሕግ ሲወጣ በየምርጫ ክልሉ የተቋቋመው ቦርድ አንድ ሐኪም እንዲኖረው ተደረገ፤ ለውትድርና የማያበቁ በሽታዎችና ጉድለቶችም ተዘረዘሩ። ከእነዚህ መካከል የፊት ጥርስ መጉደል አንዱ ነው። ወታደሩ ባሩድና እርሳስ የተጠቀለለበትን ወረቀት በጥርሱ ቀዶ ጠመንጃውን ማጉረስ ስለነበረበት፣ ጥርስ የሌለው ሰው ጠመንጃ እንደሌለው ይቆጠር ነበር። የዚህ ሁሉ ምርመራ ውጤት ጄዲዳያ ባክስተር በተባሉት ሐኪም ተሰብስቦ በ1875 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች ታተመ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት ይህ ሥራ፣ ቤንጃሚን ጉልድ በ1869 ካሳተሙት የወታደሮች የአካል ልኬት ጥናት ጋር፣ ዛሬም የዘመኑን ሰው አካል ለማወቅ የሚያገለግል መዝገብ ነው።

ከእነዚህ መዛግብት የሚታየው የሰሜኑ ጦር ወታደር ወጣትና ቀጭን ነው። አማካይ ዕድሜው 26 ዓመት ገደማ፣ ቁመቱ 173 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 65 ኪሎ ግራም ነበር። በዛሬው ስሌት የሰውነት ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲመዛዘን ወደ 21.7 ይሆናል፤ ማንኛውም ክሊኒክ ጤናማ ብሎ የሚመዘግበው ቁጥር ነው። ይህ ሰው 4 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ፣ 40 ጥይት፣ 1.4 ሊትር ገደማ የሚይዝ የውሃ ኮዳ፣ ብርድ ልብስ፣ ግማሽ ድንኳንና የሦስት ቀን ስንቅ ተሸክሞ፣ በአጠቃላይ ከ18 እስከ 23 ኪሎ በትከሻው ላይ አድርጎ ይጓዝ ነበር። ጁላይ 3 ቀን 1863 በጌቲስበርግ፣ የፒኬት ጥቃት ተብሎ በሚታወቀው ግስጋሴ፣ 12,500 ያህል የደቡብ ወታደሮች ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ገላጣ ሜዳ በመድፍ ፊት አቋርጠዋል። በከተማው የነበሩት ፕሮፌሰር ማይክል ጄኮብስ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ በ8 ሰዓት የመዘገቡት ሙቀት 87 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 30.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። የሁሉም ልብስ ሱፍ ወይም ሱፍ ከጥጥ የተቀላቀለበት ነው።

ዛሬ ያንን ሜዳ በትዕይንት የሚያቋርጡት ግን ብዙዎቹ በአርባዎቹና በአምሳዎቹ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ በሆነ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው። የሚኖሩትም ከ2017 እስከ 2018 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎቹ 42.4 በመቶ የሚሆኑት ከልክ በላይ ወፍራም በሆኑበት አገር ነው። በ1993 የወጣው «ጌቲስበርግ» የተሰኘ ፊልም በሺህ የሚቆጠሩ የትዕይንት ተሳታፊዎችን ባሳየ ጊዜ ብዙ ተመልካቾች መጀመሪያ ያስተዋሉት የወታደሮቹን ቦርጭ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጋዜጠኛው ቶኒ ሆርዊትዝ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ የተራበውን የደቡብ ወታደር ለመምሰል ሲሉ ምግብ ቀንሰው የሚከሱ፣ በብርድ ሌሊት አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀው የሚያድሩ ተሳታፊዎች አሉ። በረሃብ መክሳትን የአካል ብቃት አድርጎ መቁጠር ከቦርጩ ያላነሰ ስሕተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች በተቅማጥና በታይፎይድ የከሱ እንጂ ለሥራ የተዘጋጁ ስፖርተኞች አልነበሩም። በጦርነቱ ከሞቱት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የገደለው በሽታ ነው። አጠቃላዩ የሟቾች ቁጥር ለረጅም ጊዜ 620,000 ሲባል ቆይቶ፣ በ2011 በታተመ የሕዝብ ቆጠራ ትንተና ወደ 750,000 ከፍ ተደርጓል።

ጌቲስበርግን መልሶ የመርገጥ ታሪክ ራሱ ሦስት ዓይነት አካል አሳይቷል። በ1913 የውጊያው 50ኛ ዓመት ሲከበር የተሰበሰቡት ከ50,000 በላይ እውነተኛ ዘማቾች ነበሩ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነበር። ሙቀቱ እስከ 102 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። እነዚህን ሽማግሌዎች «ብቃት የላችሁም» ብሎ የሚመልስ መስፈርት ማውጣት አይታሰብም ነበር፤ ሜዳው የእነርሱ ነውና። ስለዚህ ሰዎቹን በመመርመር ፈንታ ቦታው ተዘጋጀ። ሠራዊቱ የድንኳን ከተማ ተከለ፣ በበረዶ የቀዘቀዘ የመጠጥ ውሃ በየሥፍራው ተዘረጋ፣ ሆስፒታሎችና የመጀመሪያ ርዳታ ጣቢያዎች ተቋቋሙ፣ የቀይ መስቀል ሠራተኞችና ታዳጊ ስካውቶች ሽማግሌዎቹን ደገፉ። በመሰባሰቢያው ሰሞን የሞቱት ዘማቾች ዘጠኝ ናቸው። በዚያ ዕድሜና በዚያ ሙቀት ለሚገኝ የዚያን ያህል ብዛት ላለው ሕዝብ ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ጁላይ 3 ቀን የፒኬት ክፍለ ጦር ሽማግሌዎችና የፊላደልፊያ ብርጌድ ሽማግሌዎች በድንጋዩ አጥር ወዲህና ወዲያ ተገናኝተው ተጨባበጡ።

በ1922 ደግሞ ያንኑ ጥቃት የደገሙት ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆኑ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ከቨርጂኒያ ከኳንቲኮ ሰፈር ድረስ በእግራቸው ተጉዘው የመጡ፣ በደንብ የተመረመሩና የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው። ምናልባት አካላቸው ከ1863ቱ ወታደር አካል ጋር የተቀራረበው የእነርሱ ትዕይንት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በ1938 በተደረገው የመጨረሻው መሰባሰብ የተገኙት ከ1,800 በላይ ዘማቾች አማካይ ዕድሜ 94 ዓመት ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ አንድ ረዳት ተመደበለት።

የዛሬዎቹ አማተሮች ዘመን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በጁላይ 1961 የማናሳስ ውጊያ መቶኛ ዓመት በትልቅ ትዕይንት ሲከበር ሽማግሌ ዘማችም ሆነ የተመለመለ ወጣት አልነበረም፤ ሱፍ የለበሰ ተራ ሰው ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነበርና ከተሳታፊውም ከተመልካቹም ብዙ ሰው ታሞ ርዳታ ፈለገ። ከዚያ በኋላ የመቶኛ ዓመት ኮሚሽኑ እንዲህ ያለውን ትዕይንት ማበረታታት ተወ፤ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትም በሚያስተዳድራቸው የጦር ሜዳዎች ላይ ሁለት ወገን ተኩስ እየተለዋወጠ ቁስለኛና ሙት የሚያስመስልበትን ትዕይንት ከለከለ። የክልከላው ምክንያት በዋናው ለሙታን መታሰቢያ የሚገባው ክብር ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። በፓርኮቹ ውስጥ የተኩስ ማሳያ የሚያቀርቡ ሰዎች ከ16 ዓመት በላይ እንዲሆኑና በባሩድ አያያዝ እንዲሠለጥኑ የሚያዝዘው ደንብ ግን ከሕክምና ጋር ይቀራረባል። ከፓርኮቹ ውጭ በግል መሬት ላይ ትዕይንቱ ቀጥሎ፣ በ1998 በጌቲስበርግ 135ኛ ዓመት ከ15,000 በላይ ተሳታፊዎች ተሰልፈዋል።

«ትክክለኛ አካል» የሚለው ጥያቄ አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ የደረሰው ግን በልብ ድካም ወይም በውፍረት አይደለም። በ1989 ሎረን ኩክ በርጌስ የተባለች ሴት የወንድ ወታደር ልብስ ለብሳ በአንቲታም በተደረገ ዝግጅት ስትካፈል፣ ከሴቶች መጸዳጃ ቤት ስትወጣ በመታየቷ ከሰልፉ እንድትወጣ ተደረገ። የተሰጠው ምክንያት ሴት በወታደር ልብስ መታየቷ ከታሪኩ ጋር አይሄድም የሚል ነበር። እርስዋም ከሰሰች፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ ክልከላው አድልዎ መሆኑን ወሰነ። ታሪኩም ከእርስዋ ጋር ነበር። በዚያ ጦርነት በመቶ የሚቆጠሩ ሴቶች የወንድ ስም ይዘው ተዋግተዋል። ምርመራው ልል ስለነበረ ማለፋቸው አያስደንቅም። በ1862 ከኢሊኖይ 95ኛ ክፍለ ጦር ጋር የዘመተው አልበርት ካሽየር በተወለደ ጊዜ ጄኒ ሆጀርስ ተብሎ እንደተሰየመ ለሐኪም የታወቀው በ1911 በመኪና አደጋ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ነው፤ ያም ሐኪም ምስጢሩን ጠብቆለታል።

ወደ ልብና ሳንባው እንመለስ ቢባል፣ ለትዕይንት ተሳታፊ የሚሆን መስፈርት ከ1863ቱ ዝርዝር ሊቀዳ አይችልም። ጥርስ የሌለውም፣ ቁመቱ አጭር የሆነም ሰው ያለ ጉዳት ሊሰለፍ ይችላል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከቀዝቃዛ ቢሮ ወጥቶ በበጋ እኩለ ቀን ሱፍ ለብሶ ሸክም ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ከሙቀት ጋር አልተለማመደም፤ ልምምዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ ትዕይንቱ ግን በሁለት ቀን ያበቃል። ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትና የልብ ምትን የሚቀንሱ ቤታ ብሎከሮች፣ ላብን የሚከለክሉ መድኃኒቶችም፣ ሙቀትን የመቋቋም አቅም ያዳክማሉ፤ በዚህ ዕድሜ ካሉ ተሳታፊዎች መካከል ደግሞ እነዚህን የሚወስዱ ይኖራሉ። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ የተቃዠ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ኮቱ ወልቆ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውሃ መነከር አለበት፤ ወደ ሆስፒታል መንገድ ከመጀመሩ በፊት እዚያው ማቀዝቀዝ ይቀድማል። የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና የፀሐይ ጨረር በአንድ ቁጥር የሚገልጸው መለኪያም የተገኘው ከጦር ሰፈር ነው፤ በ1957 ያግሉና ሚናርድ ያሳተሙት ይህ መለኪያ የባሕር ኃይል እግረኛ ምልምሎች በሥልጠና ላይ በሙቀት እንዳይወድቁ የታሰበ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ትዕይንቱ ራሱ መውደቅን የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ማን መቼ «እንደሚሞት» ብዙ ጊዜ ለተሳታፊው የተተወ ስለሆነ፣ የደከመው ቀደም ብሎ፣ ከተቻለም ዛፍ ጥላ ሥር ይወድቃል። ይህ እንደ ቀልድ የሚወራ ቢሆንም በሕክምና ዓይን ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በሣር ላይ ተዘርረው፣ ግማሾቹ እያቃሰቱ ባሉበት ሜዳ፣ በእውነት ልቡ የቆመውን ሰው የሚለየው ማነው? ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ጓዱም ጥሩ ተጫወተ ብሎ አልፎት ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቡድኖች ዘንድ አንድ ቃል ከጨዋታው ውጭ ተደርጓል። በ1863 የቆሰለ ወታደር የሚጠራው «ሐኪም» ብሎ ስለነበረ፣ ተሳታፊውም በትዕይንት ላይ እንዲሁ ይጮኻል። «ሜዲክ» የሚለው የኋለኛው ዘመን ቃል ከተሰማ ግን የወደቀው በእውነት ነው ማለት ነውና፣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ተኩስ አቁሞ ጠመንጃውን ያወርዳል።