ከሴሊኒየም ሽታ በኋላ

ለብዙ ዓመት ጓዳ የከረመ የ1950ዎቹ የጀርመን ሬዲዮ ሶኬት ላይ ሲሰካ አንዳንዴ ከድምፁ ሽታው ይቀድማል። የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ልምድ ያለው ጠጋኝ መጀመሪያ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፍታል። የተቃጠለው የሴሊኒየም ሬክቲፋየር ነው፤ ጢሱም መርዝ ነው።

የሬክቲፋየር ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ከግድግዳ የሚመጣው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ቫልቮች ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ፣ ብዙ መቶ ቮልት ያለው ኮረንቲ ይፈልጋሉ። ሬክቲፋየሩ መካከል ላይ ቆሞ ሂያጁን ያሳልፋል፣ ተመላሹን ያግዳል።

ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1874 አንዳንድ የሰልፋይድ ማዕድናት ኮረንቲን በአንድ ወገን በቀላሉ፣ በሌላው ወገን በጭንቅ እንደሚያሳልፉ አሳየ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1904፣ እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ የጋለ ሽቦና አንድ የብረት ዝርግ አስገብቶ ያንኑ ጠባይ አገኘ። ቫልቭ ብሎ የጠራውም በአንድ ወገን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው፤ የጎማ ቫልቭ ነፋስ አስገብቶ እንደማያስወጣው ማለት ነው። ፍሌሚንግ የፈለገው የሬዲዮ ሞገድ መያዣ ነበር። በ1920ዎቹ ሬዲዮ ከባትሪ ተላቆ ከቤት መብራት ጋር ሲገናኝ ግን ኮረንቲ ማቃናት የዚህ ብርጭቆ ዋና እንጀራ ሆነ።

ብርጭቆው ራሱ ብዙ ይበላል። የእንግሊዙ ሙላርድ ብላክበርን ከተማ በነበረው ፋብሪካው ይሠራው የነበረው ዝነኛው ጂዜድ34፣ ለማሞቂያው ብቻ በ5 ቮልት 1.9 አምፔር ይወስዳል። ገና ድምፅ ሳይወጣ 9.5 ዋት ሄደ ማለት ነው። ሴሊኒየም የተወደደው ለዚህ ነው። ስስ የሴሊኒየም ሽፋን ያላቸው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዝርጎች በአንድ ብሎን ተደርድረው ይታሰራሉ፤ ማሞቂያ የለ፣ የሚሰበር ነገር የለ። በ1930ዎቹ ገበያ ወጣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖችና የጀርመን ሬዲዮኖች ውስጥ በብዛት ገባ። በጀርመኖቹ ሬክቲፋየሮች ላይ ብዙ ጊዜ «ቢ250 ሲ75» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ «ቢ» በጀርመንኛ ድልድይ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ 250ው ቮልቱ፣ 75ቱ ደግሞ በሚሊ አምፔር የሚሰጠው ኮረንቲ ነው።

እርጅናው ግን ክፉ ነው። ዓመት በገፋ ቁጥር የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ዝርጎቹ ይግላሉ፣ የሬዲዮው ድምፅ ይደክማል። መጨረሻው ያ ሽታ ነው።

ዛሬ ምትኩ የገብስ ፍሬ የምታህል የሲሊከን ዳዮድ ናት። 1ኤን4007 የምትባለው 1 አምፔር ታሳልፋለች፣ እስከ 1000 ቮልት ታግዳለች፣ ስታሳልፍ ለራሷ የምታስቀረው 1 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ዋጋዋም ርካሽ ነው። ጀማሪ ጠጋኝ አሮጌውን ቆርጦ እሷን ይበይድና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። የድሮ መሐንዲሶች የሬክቲፋየሩን ጉድለት ያውቁት ነበር፤ ትራንስፎርመሩን ሲያስጠመጥሙ አብረው አስልተውታል። አዲሱ ዳዮድ ጉድለቱን ሲያስቀር ቮልቱ ከታሰበው በላይ ይወጣል። በዚያ ላይ የጀርመን ቤቶች መብራት ያኔ 220 ቮልት ነበር፣ ዛሬ 230 ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ጠጋኝ ጉድለቱን መልሶ ይሠራዋል። ሬዲዮው 70 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ከሆነና 15 ቮልት መቀነስ ካስፈለገ፣ 15 ለ0.07 ሲካፈል ወደ 214 ኦም ይመጣል፤ 220 ኦም የሆነ ሬዚስተር ከዳዮዱ ጋር ይቀጠላል። በስሌት የሚያቃጥለው 1 ዋት ገደማ ቢሆንም 3 ወይም 5 ዋት የሚችለውን መምረጥ ይሻላል።

ብርጭቆውን በሲሊከን መተካት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጥሩ ምሳሌው ዴቪድ ሃፍለር በፊላደልፊያ ያቋቋመው ዳይናኮ በ1959 ያወጣው ስቴሪዮ 70 ነው፤ ባለቤቶቹ ቤታቸው ይገጣጥሙት ዘንድ በኪት ይሸጥ የነበረ፣ በእያንዳንዱ ቻናል 35 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር። ትራንስፎርመሩ በየወገኑ 360 ቮልት ይሰጣል፤ ጫፉ 509 ቮልት ይደርሳል። ዋናው ካፓሲተር የሚችለው 525 ቮልት ነው። ሬክቲፋየሩ ጂዜድ34 ቀስ ብሎ ስለሚግል ኃይሉን የሚለቀው አራቱ ኢኤል34 ቫልቮች ሞቀው መውሰድ ሲጀምሩ ነው። ሲሊከኑ ግን ማብሪያው እንደተጫነ ሙሉውን ቮልት ይለቃል፤ ቫልቮቹ ገና ቀዝቃዛ ስለሆኑ የሚጠጣው የለም። ለአሜሪካ ቤቶች 117 ቮልት የተሠራው ዕቃ ዛሬ ከግድግዳው 123 ቮልት ሲያገኝ ያ ጫፍ 535 ይሆናል። ካፓሲተሩ ከአቅሙ በላይ ተሸከመ። በደህና የሚሠራ ጂዜድ34 ካለ መንካት አያስፈልግም።

እዚያው አምፕሊፋየር ውስጥ ግን ሳይጠየቅ መውጣት ያለበት ዕቃ አለ፤ ለቫልቮቹ ባያስ የሚሰጠው ትንሽ ሴሊኒየም። ባያስ ማለት ቫልቩን እንደ ልጓም የሚይዝ ኔጌቲቭ ቮልት ነው። ሴሊኒየሙ ሲደክም ልጓሙ ይላላል፤ የኢኤል34ቱ ውስጠኛ ብረት እንደ ፍም ይቀላል፣ ትራንስፎርመሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። አዲሱ ዳዮድ ሲገባ የብሩ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ትራንስፎርመሩ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ባያሱ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ቫልቮቹም በቅጽበት ይጋያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኤል34ቱ ተነቅለው፣ በሶኬታቸው 5ኛ እግር ላይ ኔጌቲቭ ቮልት መኖሩ ይለካል። ቫልቮቹ የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ የባያሱ ማስተካከያም በአምፕሊፋየሩ የባያስ መለኪያ ነጥብ ላይ 1.56 ቮልት እስኪነበብ ድረስ በዝግታ ይዞራል።

ብዙ ጠጋኞች የጀርመኑን ሬዲዮ ሴሊኒየም ነቅለው አይጥሉትም። ሽቦውን ብቻ አላቀው ዝርጎቹን ከቦታቸው ይተዋቸዋል፤ ዳዮዶቹና ሬዚስተሩ ከሥር ይበየዳሉ፣ ሬዲዮውም ከላይ ሲታይ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ከጀርባው ክዳን በውስጥ በኩል ደግሞ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ሴሊኒየሙ መቼ እንደተላቀቀ፣ ስንት ኦም እንደገባ፣ ከተተካ በኋላ ቮልቱ ስንት እንደተለካ ተጽፎበታል።