ከንድፍ ሠሌዳ እስከ ኮምፒዩተር፤ በጫግኒ መንገድ ላይ የሚታይ የምርጫ ታሪክ

የመሐንዲስ ሥራ ከሌሎች ሙያዎች የሚለይበት አንዱ ጠባይ፣ ሐሳቡ በመሬት ላይ ከመዋሉ በፊት በመስመር መገለጽ ያለበት መሆኑ ነው። ሕንፃውም ሆነ ድልድዩ በድንጋይና በብረት ከመቆሙ አስቀድሞ በንድፍ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ንድፉ በምን መሣሪያ ይነደፍ የሚለው ጥያቄ የቢሮ ዕቃ ግዢ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን «የትኛውን የንድፍ ፕሮግራም እንያዝ?» እየተባለ የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በዋጋና በፍጥነት ላይ ተወስኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ከታሪክ አንጻር መመልከት ሲሆን፣ ለመነሻ የሚሆነን ከጎጃም ደጋ ወደ አባይ ቆላ የሚወርደው የጫግኒ አካባቢ ነው።

ጫግኒ ዛሬ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በስተ ምሥራቅ ያለችው እንጅባራ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። ስለዚህ ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የሚወርድ መንገድ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ይጥላል ማለት ነው። ከጫግኒ ወዲያ መንገዱ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ ያመራል። የአባይና የበለስ ውሃ፣ የመተከል ቆላና የአዊ ደጋ የሚገናኙበት ይህ አገር ባለፉት ሰባ ዓመታት ውስጥ በመሐንዲሶች እጅ ደጋግሞ ተለክቷል፤ ደጋግሞም ተነድፏል። በየጊዜው የተጠቀሙበት መሣሪያ የተለያየ ስለሆነ አካባቢው ለጥያቄያችን ጥሩ ማስረጃ ይሆነናል።

የቀለምና የወረቀት ዘመን

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የምሕንድስና ሥራ በተቋም ደረጃ የተደራጀው በ1940ዎቹ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የምሕንድስና ኮሌጅም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የነዳፊው ሀብት የንድፍ ሠሌዳው፣ ቲ ስኩዌሩ፣ ስላይድ ሩሉ፣ የቀለም ብዕሩና ትሬሲንግ ወረቀቱ ነበር። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። የቁፋሮና የሙሌት መጠን የሚሰላው እያንዳንዱን የመንገድ ቁራጭ በፕላኒሜትር እየለኩና እየደመሩ ነው። አንድ ኩርባ ከተለወጠ ከእርሱ በኋላ ያለው ንድፍ ሁሉ እንደገና ይሠራል። እንደ ጫግኒ ባለው ቁልቁለት ላይ ሦስትና አራት አማራጭ መስመሮችን አወዳድሮ የሚሻለውን መምረጥ ምን ያህል ጊዜና ጉልበት ይፈጅ እንደነበረ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ሆኖም የዚያ ዘመን ሥራ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የኢትዮጵያ መንግሥትና የዩናይትድ ስቴትስ የመሬት ማልሚያ ቢሮ የአባይን ተፋሰስ በጋራ አጥንተዋል። ከጥናቱ ጋር ተያይዞ ከሱዳን ወገን ተነሥቶ የመጣው፣ አዲንዳን እየተባለ የሚጠራው የልኬት መሠረት ወደ ኢትዮጵያ ተዘረጋ፤ የአገራችን ካርታዎችም ለብዙ ዓመታት በዚሁ መሠረት ላይ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመው የጥናቱ ሪፖርት በአባይ ዋና ጎርፍ መስመር ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር የተባሉ አራት ትልልቅ ግድቦችን አመልክቷል። ከአራቱ የመጨረሻው የታሰበው ዛሬ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በቆመበት አካባቢ ነበር። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ፣ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 145 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ይህ ግድብ ከቀድሞው ሐሳብ እጅግ የገዘፈ ነው።

ከታሪኩ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ ያሉትን ካርታዎችና ሠንጠረዦች ከስድሳ ዓመት በኋላም ማንኛውም ማንበብ የሚችል ሰው ገልጦ ያነብባቸዋል። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ልዩ መሣሪያም አያሻውም። ወረቀት ይቀደዳል፣ ይቃጠላል፣ በምስጥም ይበላል። በሕይወት እስካለ ድረስ ግን ከአንባቢው ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገራል።

መስመር ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ

የአባይ ጥናት ሊጠናቀቅ በተቃረበበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ስኬችፓድ የተሰኘውን ፕሮግራም ለዶክትሬት ማሟያው አቀረበ። በብርሃን ብዕር በመስታወት ላይ መስመር መሥመርና መስመሮቹን በሕግ ማሰር እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነበር። ይሁንና መሣሪያው ቲኤክስ 2 የተባለ ግዙፍ ኮምፒዩተር ስለነበር ከምርምር ቤት ውጭ የሚደፍረው አልተገኘም። በተከታዮቹ ሃያ ዓመታት የኮምፒዩተር ንድፍ የአውሮፕላንና የመኪና ፋብሪካዎች ቅንጦት ሆኖ ቆየ።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ዎከርና ባልደረቦቹ አውቶዴስክ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው አውቶካድን ለገበያ ባቀረቡ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ከትልልቆቹ መሣሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር። ነገር ግን በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ኮምፒዩተር ይሠራ ስለነበርና ዋጋውም 1,000 ዶላር ያህል ስለነበረ ትናንሽ ቢሮዎች ሊገዙት ቻሉ። በዚያው ዘመን በሶሻሊስቷ ሀንጋሪ ጋቦር ቦያር የመሠረተው ግራፊሶፍት የተባለው ድርጅት የፓክሽ የኑክሌር ኃይል ማመንጫን ቧንቧዎች በሦስት ገጽታ ለመንደፍ በሠራው ፕሮግራም ተነሥቶ፣ በኋላ አርኪካድ የተባለውን የአርኪቴክቶች መሣሪያ ለዓለም አበረከተ። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፣ በታሪክ ውስጥ የትኛውም የንድፍ ፕሮግራም በፍጹምነቱ ብቻ ተመርጦ እንዳላሸነፈ ነው። ያሸነፈው በተገኘው መሣሪያና በተገኘው ገንዘብ ሥራውን ማስኬድ የቻለው ነው።

በጫግኒ ጎረቤት የጣና በለስ ፕሮጀክት በኢጣልያ ርዳታ የተጀመረው በዚሁ የሽግግር ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የመንግሥት ለውጥ ጋር ተቋረጠ። የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚያሻግረው 460 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ግን በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። በሁለቱ መካከል ያለፉት ሃያ ዓመታት የንድፍ ሠሌዳው ከቢሮዎቻችን ወጥቶ ኮምፒዩተር ቦታውን የያዘባቸው ዓመታት ናቸው።

የፕሮግራሞች ዕድሜና የመንገድ ዕድሜ

ኮምፒዩተር ለመንገድ ነዳፊው ያመጣለት ጥቅም የሚካድ አይደለም። የመሬቱ ነጥቦች አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ አማራጭ መስመሮችን ማወዳደርና የቁፋሮውን መጠን ማስላት የሰዓታት ሥራ ሆኗል። በአገራችን የመንገድ ነዳፊዎች ዘንድ በስፋት ከተለመዱት መካከል በአውቶካድ ላይ ተጨምሮ የሚሠራው ኤግል ፖይንት ይጠቀሳል። ይህ የአሜሪካ ድርጅት ከጊዜ በኋላ ፊቱን ወደ ሥልጠና አገልግሎት አዙሯል፤ ነዳፊዎችም በብዛት ወደ ሲቪል ስሪዲ ተሻግረዋል። ፕሮግራሙ ሲያረጅ በእርሱ የተነደፈው መንገድ ግን አላረጀም፤ ገና ጥገና ይፈልጋል።

በአንድ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ ዕድሜ ይለያያል። ዲደብሊውጂ የተባለው የአውቶካድ ፋይል እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2004፣ በ2007፣ በ2010፣ በ2013ና በ2018 አደረጃጀቱን ለውጧል። በ2018 አደረጃጀት የተቀመጠን ንድፍ የ2010 ፕሮግራም አይከፍተውም። አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ያልቻለ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የራሱን ከተማ የፍሳሽ ቦይ ንድፍ በእጁ ይዞ ማየት የማይችልበት ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ አውቶዴስክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያዝ ፈቃድ መሸጥን በአብዛኛው ትቶ በዓመታዊ ክፍያ ተክቶታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደ ቀድሞው የንድፍ ሠሌዳ የቢሮው ንብረት መሆኑ ቀርቶ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ኪራይ ሆኗል።

ከዚህ ችግር ለመሸሽ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፕሮግራም መጠቀም የተለመደ መንገድ እንደሆነ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። የራሱ ንድፍ በሌላ ቢሮ ሲገለበጥ የሚቆጣ መሐንዲስ፣ የሌላውን ድካም ያለ ዋጋ ሲጠቀም በየትኛው ሚዛን ሊከራከር ይችላል?

በጫግኒ ምዕራብ ያለው መስመር

ፕሮግራም መምረጥ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ የጫግኒ መልክዓ ምድር ራሱ ያስረዳል። በዓለም አቀፉ የካርታ ፍርግርግ አከፋፈል መሠረት ኢትዮጵያ በዞን 36፣ 37ና 38 ውስጥ ትወድቃለች። ዞን 36ንና ዞን 37ን የሚለየው 36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ጫግኒ በ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዞን 37 ውስጥ ናት፤ ጉባና የሕዳሴው ግድብ ግን በዞን 36 ውስጥ ናቸው። ከጫግኒ ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ ይህን የማይታይ ወሰን ማቋረጡ ግዴታ ነው።

በወሰኑ ላይ ያለ አንድ ድንጋይ በዞን 37 ሲለካ የምሥራቅ መጠኑ ወደ 172,000 ሜትር፣ በዞን 36 ሲለካ ደግሞ ወደ 828,000 ሜትር ይሆናል። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ሁለት ነው። እንዲሁም በቀድሞው የአዲንዳን መሠረትና ዛሬ በሳተላይት መለኪያዎች በሚሠራበት መሠረት መካከል በአገራችን ከ200 ሜትር ያላነሰ ልዩነት አለ። የዞን ስሕተት የመቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሆነ ወዲያው ይታያል። የሁለት መቶ ሜትሩ ስሕተት ግን ትክክል መስሎ ያልፍና ድልድዩን ከወንዙ ማሻገሪያ ያርቀዋል። ነዳፊው የትኛውን ዞንና የትኛውን መሠረት እንደተጠቀመ በንድፉ ላይ ካልጻፈ፣ የፕሮግራሙ ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን ከዚህ ስሕተት አያድነውም። የ1950ዎቹ ነዳፊዎች በካርታው ኅዳግ ላይ መሠረቱን፣ መለኪያውንና ዘመኑን በእጃቸው ይጽፉ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ለሁሉም የሚሆን አንድ ፕሮግራም አለ ብሎ መደምደም አይቻልም። ሕንፃን ከነቧንቧውና ከነመብራት መስመሩ በአንድነት ለሚነድፍ ቢሮ እንደ ሬቪት ወይም እንደ አርኪካድ ያለ የሕንፃውን አካላት የሚያውቅ ፕሮግራም ይጠቅመዋል። ለመንገድ ነዳፊ የመሬቱን ገጽታና የቁፋሮውን ስሌት የሚይዝ ያስፈልገዋል። ጠፍጣፋ ንድፍ ብቻ ለሚያዘጋጅ የከተማ ማዘጋጃ ቤት ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ብሪክስካድና ዜድደብሊውካድ፣ ወይም ያለ ክፍያ የሚገኙት ሊብረካድና ፍሪካድ ሊበቁት ይችላሉ። የምርጫው የመጀመሪያ መመዘኛ መሆን ያለበት ንድፉን የሚቀበለው፣ የሚያጸድቀውና የሚጠግነው አካል የሚችለው ምንድን ነው የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ያለው አማካሪ የቱን ያህል የላቀ መሣሪያ ቢኖረው፣ ቦዩን የሚጠግነው የጫግኒ ባለሙያ ካልከፈተው ንድፉ ተሰጠ ለማለት አያስደፍርም።

ከዚህ በመነሣት የንድፍ ውል አራት ነገሮችን ቢይዝ መልካም ነው። አንደኛ፣ ንድፉ በተሠራበት ፕሮግራም ፋይል ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ሊያነቡት በሚችሉት በታወቀ የመለዋወጫ መልክ ይሰጥ፤ ይኸውም ለጠፍጣፋ ንድፍ በዲኤክስኤፍ፣ ለመንገድ በላንድኤክስኤምኤል፣ ለሕንፃ በአይኤፍሲ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የመሬት ልኬት ነጥቦች ሁሉ ዞናቸውና መሠረታቸው ተጠቅሶ በተራ የቁጥር ዝርዝር ይቀመጡ። አራተኛ፣ የተፈረመበትና ማኅተም ያረፈበት የወረቀት ቅጂ በባለንብረቱ መዝገብ ቤት ይኑር። የእነዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ዓመት የፕሮግራም ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ፣ ከጫግኒም ወደ በለስና ወደ አባይ የሚወርደው አገር ገና ብዙ ንድፍ ይጠብቀዋል። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሌላ ይተካሉ፤ ያ የማይቀር ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ድልድዩን ለማስፋት ሲነሣ የሚፈልገው የተጠቀምንበትን ፕሮግራም ስም አይደለም። የሚፈልገው የመሠረቱን ጥልቀት፣ የብረቱን ብዛትና የጎርፉን ስሌት ነው። እነዚህን ያለ ችግር ካገኘ ምርጫችን ትክክል ነበር ማለት ነው።