የኢንሱሊን መዋቅር

ኢንሱሊን በቆሽት ውስጥ የሚመነጭና በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው። የኢንሱሊን መዋቅር የሚባለው ሆርሞኑ የተሠራባቸው አቶሞች የተደረደሩበት ቅርጽ ነው። ይህ ቅርጽ መጀመሪያ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ታወቀ፤ በኋላም በኒውትሮን ክሪስታሎግራፊ ተጠና። የኒውትሮን ጥናት ኤክስሬይ በግልጽ የማያሳያቸውን የሃይድሮጅን አቶሞች ቦታ ያሳያል። ኢንሱሊን የሚሠራው ቅርጹን እስከጠበቀ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የመዋቅሩ ጥናት፣ እንደ ዋግ ኽምራ ባሉ ማቀዝቀዣ እንደልብ በማይገኝባቸው የገጠር አካባቢዎች ለሚኖሩ የስኳር ሕሙማን መድኃኒቱ ለምን በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ለመረዳት ይጠቅማል።

ግንባታው

የሰው ኢንሱሊን ከ51 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሁለት ሰንሰለቶች አሉት፤ «ኤ» የተባለው 21፣ «ቢ» የተባለው 30 አሚኖ አሲዶችን ይይዛል። ሁለቱን ሰንሰለቶች ሁለት የድኝ (ሰልፈር) ድልድዮች ያያይዟቸዋል፤ ሦስተኛው ድልድይ በ«ኤ» ሰንሰለት ውስጥ ብቻ ይገኛል። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ለሕክምናም ለምርምርም አገልግሏል።

በቆሽት ውስጥም ሆነ በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የኢንሱሊን ሞለኪውሎች ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው አይገኙም። ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ሦስት ጥንዶች ደግሞ በዚንክ ዙሪያ ተሰብስበው ስድስት ሞለኪውሎች ያሉት ሄክሳመር ይሠራሉ። ዚንኩን የሚይዘው በ«ቢ» ሰንሰለት 10ኛ ቦታ ላይ ያለው ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ሄክሳመር ኢንሱሊን የሚከማችበት ቅርጽ ነው። በሰውነት ውስጥ ሥራ የሚሠራው ግን ተነጥሎ የወጣው ነጠላ ሞለኪውል ነው።

የጥናቱ ታሪክ

ኢንሱሊን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1921 ተገኘ፤ በ1922 መጀመሪያ ላይም ለታማሚ ተሰጠ። ጆን ጄኮብ ኤቤል እ.ኤ.አ. በ1926 በክሪስታል መልክ አወጣው። እንግሊዛዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊንን ክሪስታል በኤክስሬይ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ፍሬድሪክ ሳንገር የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ1955 አጠናቀቀ፤ ለዚህም በ1958 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሆጅኪንና ባልደረቦቿ ሙሉውን ቅርጽ የፈቱት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ እስከዚያ ድረስ 34 ዓመታት አልፈዋል።

ኒውትሮን ለምን አስፈለገ

ኤክስሬይ የሚበተነው በአቶም ኤሌክትሮኖች ነው። ሃይድሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስላለው በኤክስሬይ ምስል ላይ በጣም ደብዛዛ ይሆናል። በፕሮቲን ውስጥ ካሉት አቶሞች ግማሽ ያህሉ ግን ሃይድሮጅን ናቸው። የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚይዙት ትስስሮችም በአብዛኛው የሃይድሮጅን ትስስሮች ናቸው።

ኒውትሮን የሚበተነው በኤሌክትሮን ሳይሆን በአቶሙ አስኳል ነው። የሃይድሮጅን ወንድም የሆነው ዲዩተሪየም ኒውትሮንን የመበተን አቅሙ 6.67 ፌምቶሜትር ሲሆን፣ የካርቦን 6.65 ፌምቶሜትር ነው። ስለዚህ ዲዩተሪየም ከካርቦን እኩል ይታያል ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎች ክሪስታሉን በከባድ ውኃ ውስጥ በመንከር ከሃይድሮጅኖቹ የተወሰኑት በዲዩተሪየም እንዲተኩ ያደርጋሉ። ኒውትሮን እንደ ኤክስሬይ ክሪስታሉን አይጎዳውም። ሆኖም የኒውትሮን ጨረር ደካማ በመሆኑ ትልቅ ክሪስታልና ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚቆይ ልኬት ያስፈልጋል። ጨረሩ የሚገኘውም ከምርምር ሬአክተር ወይም ከትልቅ የቅንጣት ማፋጠኛ ነው። በኢትዮጵያ ይህን መሰል ሬአክተር የለም። ሆኖም የኢንሱሊንን ጨምሮ የታወቁ የፕሮቲን መዋቅሮች እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋቋመው የፕሮቲን መረጃ ባንክ ውስጥ ለማንም በነጻ ይገኛሉ።

የኒውትሮን ጥናቶች ውጤት

አሌክሳንደር ቭሎዳወር፣ ሃዋርድ ሳቬጅና ጋይ ዶድሰን የኒውትሮንና የኤክስሬይ ልኬቶችን አጣምረው የኢንሱሊንን መዋቅር እ.ኤ.አ. በ1989 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ኖቡኦ ኒሙራን ጨምሮ የጃፓን ተመራማሪዎች የአሳማ ኢንሱሊንን በተለያየ የአሲድነት መጠን አጠኑ፤ የትኞቹ ሂስቲዲኖች ተጨማሪ ሃይድሮጅን እንደሚይዙም ተመለከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሌላ የጃፓን ጥናት ዚንክ ያለውን ሄክሳመር በ2.1 አንግስትሮም ጥራት አሳየ። በመሐሉ ያለውን የሃይድሮጅን ትስስር መረብና በዚንክ ዙሪያ ያሉትን የውኃ ሞለኪውሎች አቀማመጥ ገለጸ። በ«ቢ» ሰንሰለት ጥቅል ክፍል መሐል ያሉት ሃይድሮጅኖች በዲዩተሪየም በቀላሉ እንደማይተኩም አመለከተ። ይህም ያ ክፍል ጥብቅና ከውኃ የተከለለ መሆኑን ያሳያል።

ቅርጹና የመድኃኒቱ አያያዝ

ሄክሳመሩ ሲፈርስ ነጠላ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። ሙቀትና መናወጥ ሲበዛባቸው ቅርጻቸው በከፊል ይፈታል፤ ውኃ የሚሸሹት የውስጥ ክፍሎቻቸውም እርስ በርስ ተጣብቀው ክር መሰል ዝቃጭ ይሠራሉ። እንዲህ የሆነ ኢንሱሊን የደም ስኳርን አይቀንስም። ስለዚህ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም ይጣላል። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ኢንሱሊን ከደፈረሰ መወጋት የለበትም። በተፈጥሮው ነጭ የሆነው ቆይቶ የሚሠራው ዓይነት በቀስታ ሲደባለቅ አንድ ወጥ መሆን አለበት።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ የዳዳብ አካባቢ የስደተኞች መጠለያን የሙቀት ሁኔታ መሠረት አድርገው ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንታት ቢቀመጥም ጉልበቱ ከ1 በመቶ በላይ አልቀነሰም።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ

ሰቆጣ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከተማዋ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። ደጋው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ እንደ አበርገሌና ዝቋላ ያሉ የተከዜ ሸለቆ አካባቢዎች ግን ቆላ ናቸው። ከከተማ መድኃኒት ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ ታማሚ በአንድ ቀን ጉዞ ከብርድ ወደ ሙቀት ይገባል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ውኃን በእንስራ የማቀዝቀዝ ዘዴ ለኢንሱሊንም ይሠራል። ከሸክላው የሚተነው ውኃ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ዘዴው በደረቅ አየር ይበልጥ ውጤታማ ነው። ብልቃጡ ግን ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ መጠቅለል አለበት።

የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) የገባው ቃል በከተማዋ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። በጎንደር የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ በገጠር ድሃ ወጣቶች ላይ ከልጅነት የምግብ እጥረት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጠቁመዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ሰይሞታል።