የቤት ባለቤትነትና የነዋሪዎች ማኅበር በጅጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች

በከተማ ቤት ላይ የሚነሣ ክርክር ዘወትር ሁለት ጥያቄዎችን ያስከትላል። አንደኛው ቤቱ የማን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህን የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው። በጅጅጋና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ከተሞች ታሪክ ነዋሪውን ይበልጥ ያስቸገረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጅጅጋ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የገዥነት ዘመን መንገዶቿ በፕላን ተለክተው የተቀየሱላት ከተማ ናት። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ያዛት፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይታ በ1941 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰች። እንግዲህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሥልጣን ደጋግሞ እጅ ለወጠ፤ የቤቱ ጌታ ግን ያው ነበር።

ይህም ሲሆን የአገሩ ሕዝብ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሔር በተባለው የሶማሌ ልማዳዊ ሕግ ግጦሹ የጎሣው የጋራ ሀብት ሲሆን፣ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው በድካሙ ላወጣው ውኃ ቅድሚያ ያገኛል። በሐውድ ሜዳም የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ቢርካ፣ ያሠራው ሰው ንብረት ነው። ጠብ ቢነሣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ስለዚህ መሬቱ የጋራ፣ በላዩ ያረፈው ሥራ ግን የግል ነው የሚለው አሳብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ትርፍ ቤቱ ግን ተወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ። የቦታና የቤት ክርክርም ከመደበኛ ፍርድ ቤት ወጥቶ ለማኅበራቱ የፍርድ ሸንጎ ተላለፈ። በዚህ አኳኋን አንዱ ማኅበር አከራይም፣ ኪራይ ሰብሳቢም፣ ዳኛም ሆነ። ተከራዩ በአከራዩ ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ ዞሮ ወደዚያው ወደ አከራዩ ደጅ የሚመለስ ነበር።

አዋጁ ሦስተኛ ዓመቱን እንደ ያዘ ጦርነት መጣ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተይዛ በየካቲት ወር ነጻ ወጣች። ነዋሪ ሲበተን ምስክርም አብሮ ይበተናል፤ የጎረቤት ቃል ብቻ የሚያጸናው ይዞታም ጎረቤቱ ሲሰደድ ዋስ ያጣል። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና ከሰሜን ሶማሊያ የሸሸ ብዙ ሕዝብ ሃርትሼክ ላይ ሰፈረ፤ ጣቢያውም እስከ 1996 ዓ.ም. ቆየ። ከዚህ የተነሣ ነዋሪ የሚባለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ የሕግ ጥያቄ ሆነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመሬትን ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አጸና፤ በመሬቱ ላይ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው መሆኑን አወቀ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበር በሕግ እንዲቋቋም በር ከፈተ። ዳሩ ግን ይህ ለጋራ ሕንፃ ብቻ ነው። በራሱ አጥር ግቢ የሚኖረው የጅጅጋ ወይም የቀብሪ በያህ ሰው በዚህ አዋጅ ማኅበር ሊያቋቁም አይችልም። እድርና ዕቁብም ቢሆኑ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል።

እንግዲህ መንግሥት ያቋቋመው የነዋሪ ማኅበር የመንግሥት ክንድ ሆነ፤ ሕዝቡ ራሱ ያቋቋመው ደግሞ ሕጉ ከደጅ አስቀረው። የቤቱ ባለቤት በሁለቱ መካከል ቆሞ ይገኛል። ታሪኩ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። ማኅበር ነዋሪውን የሚጠቅመው ሹሞቹን ነዋሪው ሲመርጥና ሲሽር፣ የሽማግሌዎች ውሳኔ በጽሑፍ ሲቀመጥ፣ በማኅበሩ የተበደለ ሰውም ከማኅበሩ ውጭ የሚሰማው ዳኛ ሲያገኝ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የይዞታ ወረቀት ቢኖርም ቤቱ ከክርክር፣ ባለቤቱም ከስጋት አይድንም።