ባዶ ሳጥን ዜሮ አይደለም

በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ገደማ እንደሞተ ይነገራል። ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ዛሬ ከአዳማ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ጤና ጣቢያዎቻችን በየሳምንቱ ይቆጥራሉ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የወባ ግራፍ የማያስታውስ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። ጣራው የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ያለፉት 5 ዓመታት የዚያው ሳምንት ቁጥሮች ይደረደሩና ከላይ ሁለተኛው ይወሰዳል። በቂ ዓመት የሌለው ተቋም የአምናውን እጥፍ ይይዛል።

ሐኪም ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ ይህ ስሌት ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ የሚያመጣው ጣጣ ግን የእኛም ነው። በድሮው ፎርትራን የቁጥር ሳጥኖቹ (አሬይ የሚሉት) ብዛት አስቀድሞ ተቆርጦ ይጻፍ ነበር፤ ፕሮግራሙ እየሠራ ቦታ መጠየቅ በቋንቋው መደበኛ ሕግ የገባው በፎርትራን 90 ነው። እንግዲህ 5 ሳጥን ተዘጋጅቶ አዲስ ጤና ጣቢያ 3 ዓመት ብቻ ቢያስገባስ? 12፣ 20፣ 31 እንበል። ባዶዎቹ ዜሮ ተብለው ከተቆጠሩ አማካዩ 21 መሆኑ ቀርቶ 12.6 ይሆናል። የእኛ ዘዴ ይህን ይችለዋል፣ ያው 20 ይሰጣል። አንድ ዓመት ብቻ ከገባ ግን ጣራው ዜሮ ነው! አንድ ታማሚ በመጣ ቁጥር ወረርሽኝ ተብሎ ይደወላል፤ እንዲህ ሲደጋገም እውነተኛው ሲመጣ ማን ይሰማል?

መጥበብም አለ። 52 ሳጥን ያለው ፕሮግራም የ2020 እ.ኤ.አ. 53ኛ ሳምንት የት ያስቀምጠዋል? 12 ወር ያለውማ ጳጉሜንን ረስቷታል።

ስለዚህ ፕሮግራሙ የገባውን ራሱ ይቁጠር፣ ሲሞላበት ቦታ ይጨምር፣ ለስንት እንደሚያካፍልም ከዚያ ይወቅ። ታማሚ ካልነበረ ዜሮ ይጻፍ፤ ሪፖርቱ ካልደረሰ ሳጥኑ ባዶ ይቆይ።