አፍንጫ ያወጣው መኪና

ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ... ጣሊያን ጥሎልን የሄደውን ስም ሁሉ አማርኛ አድርገን፣ ዕቃውን ከነሕመሙ እናውቀዋለን። አንድ ዕቃ ግን አለ፤ ጣሊያን ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተወለደና እስካሁን የአገር ስም ያላገኘ። መካኒኩ «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ሲል ባለመኪናው የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ የሁለቱም ሐሳብ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ወደ ተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ሶማሌ ተራ። የተሰረቀ ስፖኪዮውን እዚያው ሄዶ መልሶ የገዛ ሰው ቀልድ የሚነገርለት ያ ሰፈር ከፈረሰ መኪና የተነቀለ ሴንሰርም አያጣም።

ታዲያ ይሄ አውራ ጣት የምታክል ብረት ከየት መጣች? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ «ከጭስ» ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 በጋ ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጉም ሸፈናት። ጊዜው የጦርነት ነበርና ጃፓን በጋዝ የመታችው የመሰለው ሰው ነበር። ጠላት ግን ባሕር ተሻግሮ አልመጣም፤ በየቤቱ ደጅ ቆሞ ነበር። አሪ ሃገን-ስሚት የተባለ ኬሚስት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ ከመኪና የሚወጣው ያልተቃጠለ ቤንዚንና የናይትሮጅን ጋዝ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያን ጉም ይሠራሉ።

አሜሪካኖቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1970 ሕግ አወጡ። ለመኪና ፋብሪካዎች «ጭሳችሁን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ ቀንሱ» አሏቸው። ፋብሪካዎቹ አለቀሱ፤ ግን ሠሩ። በ1975 ሞዴሎች ላይ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጠመ። ችግሩ፣ ሦስቱን መርዞች አንድ ላይ የሚያጸዳው ዓይነት ኮንቨርተር ቀበጥ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ከ14.7 ኪሎ አየር ጋር ካልተቀላቀለለት ሥራውን በወጉ አይሠራም። ካርቦራቶር ደግሞ እንዲህ ያለ ሚዛን አያውቅም። ስለዚህ ማርሚታው ውስጥ ተቀምጦ ጭሱን የሚያሸት፣ አሽትቶም «ቤንዚን በዛ፣ አነሰ» ብሎ የሚያወራ አንድ አፍንጫ አስፈለገ።

ጥሬ ዕቃው ቀድሞ ነበር። ጀርመናዊው ዋልተር ኔርንስት በ1890ዎቹ መጨረሻ መብራት ሊሠራበት የሞከረው ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ሲግል ኦክስጅን ያሳልፋል። ቦሽ ይህን ወስዶ ሴንሰር ሠራ። ቮልቮ ደግሞ በ1976 ካሊፎርኒያ በሚሸጣቸው መኪኖች ላይ ገጠመው። አሠራሩ ቀላል ነው። የሴራሚኩ አንድ ፊት ጭሱን፣ ሌላው ፊት የውጭውን አየር ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት። የመኪናው ኮምፒውተር ይቺን እያነበበ ቤንዚኑን ይመጥናል።

እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ሕጉ ቀደመ፣ ዕቃው ተከተለ፤ እዚህ ዕቃው ብቻውን መጣ። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት እነ ፊያትና ላዳ አፍንጫ አልነበራቸውም፤ የሚያሸተው መካኒኩ ራሱ ነበር። ኋላ ያገለገሉ ቶዮታዎች ሲገቡ፣ ማንም ሳያዝዘው ሴንሰሩ ሆዳቸው ውስጥ ተደብቆ ገባ። ሊብሬው ላይ አልተጻፈም፤ ደላላውም አልጠራውም።

የጠበቀው ቤንዚንም አልተመቸውም። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ሴንሰሩንም ኮንቨርተሩንም ይገድላል። የአፍሪካ አገሮች ዳካር ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብስበው ይህን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ። በ2006 መባቻም ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ተገላገለው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ኤታኖል የራሱን ኦክስጅን ይዞ የሚመጣ ነዳጅ ነው። ካርቦራቶር ያለው መኪና ይህን ሳያውቅ ጠጣው። አፍንጫ ያለው ግን አሸተተና መጠኑን አስተካከለ። እዚያ ለጉም የተሠራው ዕቃ እዚህ ለስኳር ፋብሪካ አልኮል ዋለ ማለት ነው።

እንግዲህ ይቺ ታሪክ ያላት ብረት ስታረጅ ምን እናደርጋታለን? ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ሲበራ አምፖሉን ነቅሎ መኪናውን የሚሸጥ አለ። ኮንቨርተሩን ፈልቅቆ ባዶ ቱቦ የሚያስቀር አለ። ደህና ሰው ሲገኝ ደግሞ ሴንሰሩን ያስቀይራል፤ ግን ሳይጠይቅ። ሴንሰር እኮ ምስክር ነው፤ እውነት ተናግሮ የሚነቀልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሴንሰሩ በፊት ማርሚታው ከተበሳ የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ «ኦክስጅን በዛ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። አዲስ ሴንሰር ብትገዙም ያንኑ ይነግራችኋል። ዘይት የሚበላ ሞተርም አዲሱን ሴንሰር እንደ አሮጌው ያጠቁረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዳዳውና ሽቦው ይታይ፤ ቀጥሎ ኮዱ በማሽን ይነበብ።

የተነቀለ ሴንሰር ርካሽ ነው፤ ዕድሜው ግን አይታይም። ሰነፍ ሴንሰር ደግሞ ከሞተ ይከፋል፤ መብራት ሳያበራ ቤንዚን ያስጠጣል። ሌላም አለ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ንጹሕ አየር የሚስቡት በሽቦው ሽፋን ውስጥ ነውና ሽቦውን ቆርጦ መበየድ አፍንጫን እንደማፈን ነው፤ በማያያዣ ተጨምቆ ይቀጠል። ጥርሱን ቅባት ማስነካት ጥሩ ነው፤ ጫፉን ግን በፍጹም።

«ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ ጣጣ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ለአሮጌ መኪና። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ጀመረ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ኤሌክትሪኩን መግዛት የማይችል ሰው የያዘውን ቤንዚን መኪና ይዞ ይከርማል። ጭሱም አብሮት ይከርማል፤ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ተማሪ ይስበዋል። ሎስ አንጀለሶች ዓይናቸው እስኪቃጠል ጠብቀው ነው ለመኪና አፍንጫ ያወጡለት። እኛ አፍንጫው ተሠርቶ፣ ተገጥሞ፣ በመርከብ ተጭኖ መጣልን። የቀረን አለመቁረጥ ብቻ ነው።